የልደትና የጥምቀት ሰሞን በበቆጂ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አርሲ ደጋ ለሚወጣ መንገደኛ የታኅሣሥ ወር ከወራት ሁሉ የተመረጠ ነው። ዝናሙ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል፤ እህሉም በከፊሉ ታጭዶ ተከምሯል፥ በከፊሉ ገና በማሳው ላይ ቆሞ በነፋስ ይወዛወዛል። መንገዱ ሞጆንና አዳማን አልፎ በመልካሳ አጠገብ የአዋሽን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ፥ በዴራና በኢተያ በኩል ዳገቱን ይያያዘዋል። በቈላው በግራር መካከል ሲያልበው የነበረ ሰው ቁሉምሳን አልፎ አሰላ ሲደርስ ጋቢውን ይሻል። ከአሰላ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት የዝዋይ ሐይቅ ከታች በስምጥ ሸለቆው ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢመልስ ደግሞ የጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወዲያ 56 ኪሎ ሜትር ያህል በሳጉሬ በኩል ተጕዞ በቆጂ ይገባል።

በቆጂ የሌሙና ቢልቢሎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች፥ በበጋው ወራት ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ግን እጅግ ብርድ ነው። ጧት ሲነጋ በሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ከየቤቱ ጣሪያም የማለዳው ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ገብስና ስንዴ የአገሩ ሀብት ናቸው፤ ፈረስም የአገሩ ክብር ነው። ኦሮሞውና አማራው፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት፥ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩባት ከተማ ናት።

እኔ በዚህች ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እናታችን አሥራ አንድ ልጆች ወልደው፥ ሁለቱን በሕፃንነታቸው ቀብረው፥ ዘጠኛችንን አሳድገዋል። ከዘጠኙ አንዲቱ፥ የሁላችን ታላቅ የሆነችው እህታችን፥ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ነገሯን ወደ ፊት እናገራለሁ። የቀረነው ስምንታችን ግማሾቻችን በአዲስ አበባ፥ ግማሾቻችን በአዳማና በአሰላ፥ አንደኛው ወንድማችንም በሐዋሳ ተበትነን ስለምንኖር፥ ሁላችን በአንድ ጣሪያ ሥር ከተገናኘን ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ከልደት እስከ ጥምቀት ያለውን ሰሞን በእናታችን ቤት እናሳልፍ ብለን ተማከርን። ከሚስቶቻችንና ከባሎቻቸው፥ ከልጆችና ከልጅ ልጅ ጋራ ስንቈጠር ሠላሳ አንድ ነፍስ ሆንን።

ሦስት ክፍል ባለው ቤት ሠላሳ አንድ ሰው እንዴት እንደሚያድር ብዙ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሴቶቹ በጓዳ፥ ሽማግሌዎቹ በአልጋ፥ ወጣቶቹ በእልፍኙ ወለል በጭድ ላይ በተነጠፈ ጀንዲ ተደርድረው፥ ሦስቱን በአንድ ቡሉኮ እየሸፈንን አደርን። ሌሊት አንዱ ቢገላበጥ አምስቱ ይነቃሉ። ጧት ደግሞ ለፊት መታጠቢያ የሚሞቀው ውኃ ሳይዳረስ ቀርቶ ጭቅጭቅ ይነሣል። እናታችን ግን በዚህ ሁሉ መካከል እየዞሩ ጭንቅላት ይቈጥሩ ነበር፤ አንድ ሰው ወደ ጓሮ እንኳ ቢወጣ ቍጥሩ ጎደለብኝ ይላሉ።

በዚያ ሰሞን የተነሣው ክርክር ስለ ታናሺቱ እህታችን ነው። እርሷ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ በገጠር፥ ወደ ካካ ተራራ አቅጣጫ፥ ከገበሬ ባሏ ጋራ ትኖራለች። ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር። ጤና ጣቢያው በጥር ወር መጀመሪያ ትወልዳለች ብሏታል። የመጀመሪያ ልጇን ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤቷ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት በእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ እንደ ተረፈች እናውቃለን። እናታችንም ይህን በማሰብ ከበዓሉ በፊት ወደ እናቶች ማቆያ ትግባ አሉ።

የእናቶች ማቆያ ማለት ቤታቸው ከሕክምና የራቀ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ከመምጣቱ በፊት መጥተው እስኪወልዱ የሚቀመጡበት፥ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ግቢ የሚሠራ ቤት ነው። አልጋና የማብሰያ ቦታ አለው፤ ቤተሰብም ስንቅ ያቀብላል። አሳቡ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በጉራጌ ምድር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1970 ዓ.ም. አስቀድሞ እንዲህ ያለውን ማረፊያ አቋቁሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወረዳው ተስፋፍቷል።

እህታችን ግን እንቢ አለች። ወደ እኔ ዞራም፥ «ጋሼ፥ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬ፥ እናንተ ሁላችሁ እዚህ ተሰብስባችሁ ስትበሉ እኔ ብቻዬን በሰው አልጋ ልተኛ?» አለችኝ፤ ዕንባዋም መጣ። እኔም አንጀቴ ተላወሰ። ለእናታችንም፥ «እማዬ፥ እዚሁ ከተማ ውስጥ ናት፤ ጤና ጣቢያውም ሩቅ አይደለም። ምጥ ሲጀምራት እንወስዳታለን። ቀኑም ገና ነው፤ ለበዓሉ ከእኛ ጋራ ትዋል» አልኋቸው። ወንድሞቼም ደገፉኝ።

እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ ልደት በስንት ቀን ይውላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«በታኅሣሥ 29» አልሁ።

«ዘንድሮስ?»

«በ28።»

«ለምን?»

የምመልሰው አጣሁ። በዘመነ ዮሐንስ በ28 እንደሚውል ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማም ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናታችን ግን ቍጥሩን ከአባቶች ቀሳውስት ሰምተው በልባቸው የያዙ ናቸውና፥ ጣታቸውን እያጠፉ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ።

«መልአኩ እመቤታችንን ካበሠረበት ከመጋቢት 29 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ወሩ ሠላሳ ሠላሳ ነው፤ አምስቱ የጳጉሜን ቀን ነው። ተደምሮ 275 ይሆናል። አምና በዘመነ ሉቃስ ግን ጳጉሜን ስድስት ሆነች። ታኅሣሥ 29ን ብንጠብቅ ቀኑ 276 ሊሆን ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ በዓሉን አንድ ቀን ወደ ፊት አመጡት። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ ስለ እመቤታችን አንዲት ቀን እንዲህ ትጠነቀቃለች፤ አንተ የተማርኸው ደግሞ የእህትህን ቀን በግምት ልትይዘው ነው? ታላቂቱንም ቀኑ ገና ነው ብለን ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ታላቂቱ እህታችን የሞተችው በ1979 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው። በገጠር ተድራ ነበር፤ ምጡ ሁለት ቀን ከያዛት በኋላ በቃሬዛ ወደ ከተማ ይዘናት ስንመጣ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ውኃው እስኪጎድል በዳሩ ተቀምጠን ሳለን ከነልጇ ዐረፈች። ዕድሜዋ 19 ዓመት ነበር። ያን ጊዜ እኔ 17 ዓመቴ ነው፤ ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ ነበርሁ። ይህን የተሸከመ ትከሻ ከ37 ዓመት በኋላ «ቀኑ ገና ነው» የሚል አፍ መሸከሙ አሳፈረኝ። ታናሺቱ እህታችን እርሷ ከሞተች በኋላ የተወለደች ስለሆነች አላየቻትም፤ ዳሩ ግን የእናታችንን ፊት አይታ ነጠላዋን አነሣችና፥ «እሺ፥ እሄዳለሁ» አለች።

አንባቢ ሆይ፥ የእኛ ቤት ኀዘን የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት አምስት ያህል ብቻ ነበሩ፤ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻርም 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የሟቾቹ ቍጥር ወደ 412 ወርዷል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ ወሊዶች 48 ያህሉ በጤና ተቋም የተፈጸሙ ሆነው ተገኙ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም ገና ግማሽ መንገድ ነው።

እንግዲህ የልደት ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። ሌሊቱን ሁላችን ነጭ ለብሰን ወደ ደብራችን ሄድን። ብርዱ እስከ አጥንት ይዘልቃል፤ ሕፃናቱ በአባቶቻቸው ጋቢ ውስጥ ተሸጕጠው ዐይናቸው ብቻ ይታይ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ዶሮው ወጥ ሆኖ፥ ጠላው ተጠልሎ፥ ድፎው ዳቦ ተቈርሶ ይጠብቀናል ብለን ነበር። እናታችን ግን ምጣዱን ሸፍነው፥ ድስቱንም በጨርቅ አሥረው በደጅ ቆመዋል። «አንዲት ጎድላ ሠላሳው አይበላም» አሉ።

የጎረቤታችን ሐጂ ልጅ የፈረስ ጋሪውን አቀረበልን። ድስቱንና ዳቦውን በጋሪ ጭነን፥ እኛ በእግር ከኋላ እየተከተልን፥ ወደ ጤና ጣቢያው በተርታ ሄድን። በመንገድ ያየን ሰው ሁሉ ሠርግ መስሎት ነበር። በማቆያው ከእህታችን ጋራ ሌሎች አምስት እናቶች ነበሩ፤ ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው። እናታችን ይህን አስቀድመው ዐውቀው ስለ ነበረ፥ ሥጋው ለክርስቲያኖቹ፥ ለሙስሊሞቹ ደግሞ የገብስ ጩኮ በቅቤ የታሸ፥ ትኩስ ወተትና ዳቦ ለየብቻ አዘጋጅተው መጥተዋል። ሠላሳ አንዳችን በአንድ ጊዜ ለመግባት ቦታም ፈቃድም ስላልነበረ፥ አምስት አምስት እየሆንን ገብተን ጎረስን፤ የቀሩት በግቢው ሣር ላይ በፀሐይ ተቀመጡ። እህታችን ከእያንዳንዳችን እጅ አንዳንድ ጕርሻ ተቀብላ፥ «በቃኝ፥ ልጁ የሚወጣበት ቦታ አጣ» ብላ ሁሉን አሳቀች። በዚያ ቀን አንድ ነገር ተማርሁ፤ በዓል የሚከበረው በትልቁ ቤት አይደለም፥ የቤቱ ደካማ ሰው ባለበት ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በሜዳው ላይ ገና ተጫወቱ። ቈልማማ ዱላ ከባሕር ዛፍ ቈርጠው፥ ሩሩን ወዲያና ወዲህ እየመቱ እስኪመሽ ሮጡ። የአዲስ አበባዎቹ ከአንድ ዙር በኋላ ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀመጡ፤ የበቆጂዎቹ ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

ስለ በቆጂ ሩጫ ሳይናገሩ ስለ በቆጂ ተናገርሁ ማለት አይቻልም። ከልደት በኋላ ባሉት ቀናት ማለዳ ማለዳ ወተት ለእህቴ ስወስድ፥ ወጣቶች ወንዶችና ሴቶች በውርጩ ውስጥ ትንፋሻቸው እየጨሰ በቡድን ሲሮጡ ያጋጥሙኝ ነበር። ደራርቱ ቱሉ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ለወላጆቿ ከአሥር ልጆች ሰባተኛዋ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆነች። ከዚያ በኋላ እናት ሆና፥ በ1993 ዓ.ም. በመስከረም ወር በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግመኛ ወርቅ ተቀበለች። ጥሩነሽ ዲባባም እንዲሁ በ2007 ዓ.ም. ልጅ ከወለደች በኋላ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ የነሐስ ሜዳይ አግኝታለች። ቀነኒሳ በቀለም ከዚችው ከተማ የወጣ ነው። እህቴ በማቆያው መስኮት ሯጮቹን እያየች፥ «እነርሱ ሲሮጡ ያያቸዋል፤ እኛም እንሮጣለን፥ የሚያየን ግን የለም» ትለኝ ነበር። እኔም ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ወተቱን ብቻ አቀበልኋት።

ጥር 10 ቀን የከተራ ዕለት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። እናታችን ከእህታችን ጋራ አድረው ነበር። እህታችን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ዳሩ ግን ደሟ አልቆመም። አዋላጂቱ ነርስ ከአጠገቧ ስለ ነበረች ወዲያው መርፌ ወጋቻት፥ ሆዷንም በእጇ እያሸች ማሕፀኗን ለማስጨበጥ ደከመች፤ የሚበቃ ባይሆን አምቡላንስ አስጠራች። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጤነኛይቱን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ከእናቶች ሞት ምክንያቶችም ዋነኛው ነው። እህታችን በቤቷ፥ በካካ ግርጌ፥ ሆና ቢሆን ኖሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቃሬዛው ከተማ እንኳ አይደርስም ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ሰዓቱ ሁሉ ለእርሷ ዋለ፤ መርፌው በደቂቃ፥ መኪናውም ፈጥኖ ደረሰላት።

ሐጂው ጎረቤታችን ሳንጠይቃቸው ተነሥተው በመኪናቸው አምስታችንን ይዘው አምቡላንሱን ተከተሉ። በሆስፒታሉ ስንደርስ ደም እየተሰጣት ነበር፤ ያም ደም ማን እንደ ሰጠው የማናውቀው ሰው አስቀድሞ የለገሰው ነው። ሐኪሙ ይህን በነገረን ጊዜ አምስታችንም እጅጌያችንን ጠቅልለን በተራ ሰጠን። ሐጂውም ስድስተኛ ሆነው ሰጡ። የእኛ ደም ለእርሷ አልደረሰም፤ ለሌላ ለማናውቀው እናት ይደርስ ዘንድ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጥምቀት ነበር። በአሰላ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ወርደው፥ የሕዝቡ ዝማሬና እልልታ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ይሰማ ነበር። ይህ በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ ነው። እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ታቦት ሳያጅቡ የቀሩበት ጥምቀት አልነበረም፤ በዚያ ቀን ግን ከልጃቸው አልጋ አጠገብ አልተነሡም። «ታቦቱ ይታዘበኛል» ሲሉ ሰምተው፥ ነፍስ አባታቸው በስልክ፥ «አይታዘብዎትም፤ ዛሬ የእርስዎ ዮርዳኖስ እዚያ ነው» አሏቸው።

እህታችን ጥር 12 ቀን ቀና ብላ አጥሚት ጠጣች፤ ልጇንም አጠባች። ያን ጊዜ እናታችን በሌሊቱ ጭንቀት ሳይባል የቀረውን እልልታ በአዳራሹ ውስጥ አቀለጡት። በእኛ አገር ልማድ ለወንድ ሰባት፥ ለሴት ሦስት እልል ይባላል። እርሳቸው ግን ሰባት ጊዜ እልል አሉ። አንዲት አስታማሚ፥ «እማማ፥ ሴት አይደለችም እንዴ?» ብትላቸው፥ «ሦስቱ የልጅቱ፥ አራቱ የእናቲቱ ናቸው» ብለው መለሱ።

ወደ በቆጂ ስንመለስ ቤቱ የአራስ ቤት ሆነ። ጎረቤት ሁሉ፥ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ፤ እርሷም፥ «እንኳን ማርያም አኖራችሁ» ትላለች። የገብስ ገንፎ መካከሉ ተጐድጕዶ ቅቤና በርበሬ ተሞልቶ ይቀርባል፤ ሕፃናቱም በዳርና ዳር ይጣላሉ። የሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ሚስቶችም ወተት በእንስራ ይዘው መጡ። ማቆያ ከእርሷ ጋራ ከነበሩት አንዲቱ፥ እርሷም ወንድ ልጅ ወልዳ፥ ሕፃኗን አዝላ ልትጠይቃት ብላ ሁለት ሰዓት ተጕዛ መጣች።

የበዓሉ ሰሞን አልቆ ወደየቤታችን ለመበተን ስንዘጋጅ እናታችን ዳግመኛ ጣታቸውን አጠፉ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ከጥር 10 ጀምረው፥ የጥርን 21፥ የየካቲትን 30 ቈጥረው፥ መጋቢት 29 ላይ ደረሱና እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የሚቈጠርበት፥ የእመቤታችን ብሥራት ዕለት ነው። እሑድም ዋለ።

በዚያን ዕለት ከስምንታችን አምስታችን ለመምጣት ቻልን። ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ ድግሱ ሽሮና ክክ፥ ምስርና ጎመን ነበር፤ ቅቤ የለበትም፥ ሥጋ የለበትም። ሕፃኒቱ በውኃው ስትነከር አገር የሚያስነሣ ጩኸት ጮኸች። እናታችንም፥ «ጕሮሮዋ ጤነኛ ነው፤ ትንፋሿም የበቆጂ ነው» አሉ።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፥ ከዚህ ጕዞ ይዤው የተመለስሁት ምክር አጭር ነው። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ያለች እንደ ሆነ ቀኗን ቍጠሩላት፤ በግምት አትያዙት። በዓል ቢደርስ፥ እንግዳ ቢመጣ፥ እርሷም ራሷ ብታለቅስ፥ የምትወልድበትን ስፍራ ከበዓሉ አስቀድሙ። ድስት ወደ እርሷ ሊሄድ ይችላል፤ እርሷ ግን በሞላ ወንዝ ዳር ልትሻገር አትችልም።

በ2017 ዓ.ም. ልደት እንደ ልማዱ በታኅሣሥ 29 ዋለ። ሕፃኒቱም በእናታችን እልፍኝ በጭዱ ላይ እየዳኸች፥ ሠላሳ ሁለተኛ ሆና ተቈጠረች።